መናኸሪያን ከነአካባቢው ማደስ፦ ባሕር ዳር ላይ ከየት ይጀመራል?

ባሕር ዳር ባቡር የላትም፤ ዋና ጣቢያዋ መናኸሪያው ነው። ሌላ አገር በባቡር ጣቢያ ዙሪያ የሚነሣው ጥያቄ ሁሉ እዚህ አውቶቡስ፣ ሚኒባስ፣ ባጃጅ፣ ተሸካሚና የጉልት ነጋዴ በአንድ በር ሲጋፉ ይነሣል። አብዛኛውን ጊዜ ሥራው የሚጀመረው ከሕንፃው ሥዕል ነው፤ ፎቁ ይነደፍና መኪናው የት እንደሚዞር በኋላ ይታሰባል። ይህ የተገላቢጦሽ ነው።

መጀመሪያ ቁጠሩ። በየበሩ አንድ ሰው ይቁምና በየ15 ደቂቃው የገባውንና የወጣውን ይመዝግብ። ሦስት ቀን ይበቃል፦ አንድ ተራ የሥራ ቀን፣ አንድ ቅዳሜ፣ አንድ የበዓል ዋዜማ። ቆጠራው ከንጋቱ 11 ሰዓት ይጀምር፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ የመጣ ቆጣሪ የአዲስ አበባውን ተጓዥ አያገኘውም። እግረኛውንም አትርሱ፦ በምን መጣ፣ የት ወረደ፣ ምን ተሸከመ? ጆንያ የተሸከመ ሰው ብቻውን አንድ ሜትር ያህል መንገድ ይይዛል። ዋናው የእግር መንገድ ከማንኛውም ዕቃ ነፃ የሆነ 4 ሜትር ስፋት ያስፈልገዋል የምንለው ለዚህ ነው።

የመጫኛ ቦታው ብዛት ከቆጠራው ይወጣል። በጥድፊያው ሰዓት የሚወጡትን መኪኖች ብዛት አንዱ ቆሞ በሚጭንበት ደቂቃ አባዙ፣ ለ60 አካፍሉ፣ 20 በመቶ መጠባበቂያ ጨምሩ። በሰዓት 24 ሚኒባስ የሚወጣበት መስመር ላይ እያንዳንዱ እስኪሞላ 25 ደቂቃ ቢቆም 10 ቦታ ይሆናል፤ ከመጠባበቂያው ጋር 12። እዚህ ላይ ነው ብዙ ፕላን የሚሳሳተው። መኪናው የሚወጣው በሰዓቱ ሳይሆን ሲሞላ ስለሆነ፣ ከሚጭኑት 12 ኋላ ሌላ 30 ተራ ይጠብቃል እንበል። አንድ ሚኒባስ ከመዞሪያው ጋር 30 ካሬ ሜትር ያህል ይይዛል፤ 30ዎቹ 900 ካሬ ሜትር የመሐል ከተማ መሬት ይበላሉ ማለት ነው። መጫኛና ማቆያ ይለዩ። ማቆያው ራቅ ብሎ መሬቱ ረከስ ባለበት ይሁን፤ ተራ አስከባሪው ቦታ ሲለቀቅ በስልክ ይጥራ። ይህ ብቻ ቢሠራ ያለ አንድ ቆርቆሮ ግንባታ ጭንቅንቁ ይቀላል።

ለአውቶቡስ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው የሚወጣ፣ በ45 ዲግሪ የተሰመረ ማቆሚያ ይሻላል። 12 ሜትር ርዝመት ያለው አውቶቡስ ለመታጠፍ በውጭ በኩል 12.5 ሜትር ያህል ሬዲየስ ይፈልጋል። ይህ ከጠበበው ረዳቱ «ና! ና! ቁም!» እያለ በሰው መሀል ወደ ኋላ ያስነዳዋል፤ አደጋው የሚደርሰውም ያኔ ነው። ባጃጅ ደግሞ በር ላይ የሚቆመው ሾፌሩ ጥጋበኛ ስለሆነ ሳይሆን ተሳፋሪው የሚወጣው በዚያ ስለሆነ ነው። ከመውጫው በ50 ሜትር ውስጥ 1.5 በ3 ሜትር የሆኑ ቦታዎች አስምሩለት፤ ከዚያ ከራቀ የትራፊክ ፖሊስ ፊሽካ አይመልሰውም።

ወለሉ ላይ ገንዘብ አትሰስቱ። የአካባቢው ጥቁር አፈር ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ከ60 ሳንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ቆፍሮ አውጥቶ በገረጋንቲ መተካት፣ በ20 ሳንቲ ሜትር ንብርብር ውሃ እያጠጡ መጠቅጠቅ ያስፈልጋል። ኮብልስቶን ለእግረኛና ለባጃጅ ጥሩ ነው፤ አውቶቡስ ቆሞ መሪ በሚያዞርበት ቦታ ግን ድንጋዩ ይነቀላል። አስፋልትን ደግሞ የሚንጠባጠብ ናፍጣ ያሟሟዋል። አውቶቡስ የሚቆምበት ላይ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ኮንክሪት አፍስሱ።

ውሃው ከሁሉ የከፋ ነው፤ ከተማዋ ሜዳ፣ ሐይቁም ቅርብ ነው። 2 ሔክታር ንጣፍ ላይ በሰዓት 60 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ፣ ከዚያም 90 በመቶው ቢፈስ በሴኮንድ 300 ሊትር ይሆናል። በ1,000 ሜትር 3 ሜትር ዝቅ የሚል የ60 ሳንቲ ሜትር ቱቦ ይህን ይችላል፤ ግን ለጥቂት። የውሃ ኮዳና ደለል ሩቡን ሲሞሉት ውሃው መናኸሪያው ውስጥ ይተኛል። ስለዚህ ቱቦው ወደ 75 ይደግ፣ በየመግቢያው የብረት ፍርግርግና የደለል ጉድጓድ ይኑር፣ ከሰኔ በፊት ይጠረግ። መኪና ከሚቆምበት የሚወርደው ውሃ ሐይቁ ሳይደርስ በዘይት መለያ ገንዳ ማለፍ አለበት።

መጸዳጃው ተራ ጉዳይ ይመስላል፤ አይደለም። በቀን 3,000 ሰው 5 ሊትር ቢጠቀም 15,000 ሊትር ነው። ውሃ ለሁለት ቀን ቢጠፋ የሚያዘልቀው ባለ 10,000 ሊትር ሦስት ሮቶ ነው። የሴቶቹ ክፍል ከወንዶቹ እጥፍ ይሁን። ሐይቁ ዳር የከርሰ ምድር ውሃ ቅርብ ስለሆነ የሚያሰርግ ጉድጓድ ክረምት ላይ ይሞላል፤ ፍሳሹም ጣና ይገባና እምቦጩን ይመግባል። የማያፈስ ገንዳ ሠርቶ በመኪና ማስመጠጥ ይሻላል።

ሰዎቹስ? ለሕዝብ ጥቅም መሬት ስለ ማስለቀቅና ስለ ካሳ በወጣው አዋጅ 1161/2011 (በ2016 ተሻሽሏል) ባለይዞታው ቀድሞ ሊመከርና ካሳው ከመነሣቱ በፊት ሊከፈለው ይገባል፤ ልማቱን ራሱ መሥራት የሚችልበት ሁኔታ ካለ የቅድሚያ መብትም አለው። ብዙ ባለሱቅ ይህን የመጨረሻውን አያውቀውም፤ ተደራጅቶ ጥያቄውን በጽሑፍ ማስገባት ያለበት ፕላኑ ሳይጸድቅ ነው። ወረቀት የሌላት ቡና አፍይ ግን በማንኛውም ሠንጠረዥ ላይ የለችም። በቆጠራው ቀን እሷንም መዝግቡ። ቦታ ሲሰጥ እግረኛው በሚያልፍበት መስመር ዳር፣ ከ4 ሜትሩ ውጭ፣ 1.5 በ1.5 ሜትር ይሁን። ከጀርባ ሼድ ተሠርቶላት ከሄደች ገዢ ስለማያልፍባት በሁለት ሳምንት ውስጥ በሩ ላይ ትመለሳለች፤ ጥፋቱ የሼዱ እንጂ የእሷ አይደለም።

ዛፍ ላይ አንድ ነገር፦ ዘንባባ ለከተማዋ መልክ ነው፤ ለተሰላፊ ጥላ ግን አይሆንም። ዋንዛ ትከሉ፤ ዋርካ ከሆነ ከቱቦ ርቆ።

ሥራው በጥቅምት ይጀመርና ቱቦውና ቁፋሮው እስከ ግንቦት ይለቅ። መናኸሪያውን ጨርሶ አትዝጉ፤ ግማሹ ሲሠራ ግማሹ ይጫንበት። ጊዜያዊ ማዛወር ግድ ከሆነ ባጃጅ ማቆሚያው፣ መጸዳጃውና መብራቱ አስቀድመው እዚያ ይዘጋጁ፤ ካልሆነ ሚኒባሶቹ በየመንገዱ ዳር የራሳቸውን መናኸሪያ ይከፍታሉ፣ አዲሱ ሲመረቅም ከዚያ የሚያስነሣቸው አይገኝም።