በዴሊቨሪ ተጎድቶ ለደረሰ ዕቃ እንዴት ካሳ መጠየቅ እንደሚቻል

ከመርካቶ ወይም ከቴሌግራም ሱቅ የተገዛ ዕቃ ቦሌ አራብሳ፣ የካ አባዶ ወይም ለገጣፎ እስኪደርስ ድረስ ረጅም መንገድ ይጓዛል፤ ብዙ እጅም ይነካዋል። ከሱቁ በተሸካሚ ወደ ማከማቻ፣ ከማከማቻው በሚኒባስ ወይም በሞተር፣ አንዳንዴም ከአስፋልቱ ጫፍ በባጃጅ ተጭኖ ይመጣል። የመጨረሻው ኪሎ ሜትር ብዙ ጊዜ ኮብልስቶን ወይም ጥርጊያ መንገድ በመሆኑና በክረምት ጭቃው ስለሚብስ፣ በደህና ከሱቅ የወጣ ዕቃ እኛ ዘንድ ሲደርስ ጥጉ ተጨፍልቆ፣ ካርቶኑ ረጥቦ ወይም ውስጡ ተሰንጥቆ መገኘቱ አዲስ ነገር አይደለም።

ባለፈው ክረምት ለእናቴ የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዝቼ ቦሌ አራብሳ ወደሚገኘው ቤታችን በዴሊቨሪ አስመጣሁ። ወጣቱ ሞተረኛ የደረሰው ከቀኑ 11 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፤ ዝናቡ እያካፋ ነበር። ልጁን ዝናብ ላይ አቁሜ ካርቶን መክፈት ይሉኝታ ያዘኝና ሳላየው ፈረምኩለት። በማግስቱ እናቴ ምጣዱን አውጥታ፣ ገና መሰኪያውን ሳትሰካ፣ ሸክላውን በጣቷ አንጓ ዙሪያውን ኳኳ ስታደርገው በአንድ በኩል ድምፁ ታፈነ። ጎንበስ ብለን ስናይ ከጠርዙ ተነስቶ ወደ መሀሉ የሚሄድ ፀጉር የሚያክል ስንጥቅ አገኘን። ድርጅቱ ጋ ስደውል የተሰጠኝ መልስ አጭር ነበር፦ «በደህና ተረክቤያለሁ ብለው ፈርመዋል።» ከዚህ በታች የማቀርባቸው እርምጃዎች ያን ቀን ባውቃቸው ኖሮ ብዙ ምልልስ ያስቀሩልኝ የነበሩ ናቸው።

1. ዕቃው ከመነሳቱ በፊት ተጠያቂውን ይለዩ

ብዙ ሰው ዕቃው ሲሰበር መጀመሪያ የሚቆጣው ሞተረኛውን ነው። ይሁን እንጂ ጥያቄው መቅረብ ያለበት ገንዘብ ለተቀበለውና ውል ለገባው ወገን ነው። ሻጩ «ቤትዎ ድረስ አደርሳለሁ» ብሎ ማድረሻውን ራሱ ያዘጋጀ ከሆነ አስቀድመው የሚጠይቁት ሻጩን ነው፤ እሱ ደግሞ አጓጓዡን ይጠይቃል። ዕቃውን ከሱቅ ገዝተው ማድረሻውን ራስዎ የተዋዋሉ ከሆነ ግን ዋናው ተጠያቂ ዴሊቨሪ ድርጅቱ ነው። ይህ ካልተለየ ሻጩ ወደ ዴሊቨሪው፣ ዴሊቨሪው ወደ ሻጩ እየመራዎ ሳምንታት ያልፋሉ።

ደረሰኝ ይጠይቁ። በደረሰኙ ላይ የድርጅቱ ስም፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ፣ የዕቃው ዓይነትና ዋጋው መጻፉን ያረጋግጡ። በተለይ የዋጋው መጻፍ ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም ዋጋው ያልተመዘገበ ዕቃ ሲጠፋ ወይም ሲሰበር ክርክሩ ከካሳው በፊት በዋጋው ላይ ይጀመራል። ከደረሰኙ ጀርባ በደቃቅ ፊደል የታተመ ነገር ካለም ዕቃውን ከማስረከብዎ በፊት ያንብቡት፤ የድርጅቱን ኃላፊነት የሚገድበው አንቀጽ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው።

ሻጩ ዕቃውን ሲያሽግ ከውስጥ የተደረገውን መደገፊያ ጨምሮ ፎቶ አንስቶ እንዲልክልዎ ይጠይቁት። አጓጓዦች በብዛት ከሚያቀርቧቸው መከላከያዎች አንዱ «አስተሻሸጉ ደካማ ነበር» የሚል በመሆኑ፣ ያ ፎቶ ኋላ ላይ ትልቅ አቅም ይሆንዎታል።

አድራሻን በተመለከተ፣ በእኛ ሰፈሮች የመንገድ ስምና ቁጥር ብዙም ስለማያገለግል የብሎክ ቁጥር፣ ፎቅ፣ የቤት ቁጥርና አንድ የታወቀ ምልክት ይስጡ። እርስዎ ከሌሉ ዕቃው ለግቢው ጥበቃ ወይም ለታችኛው ሱቅ ይሰጥ እንደሆነ፣ እንዳይሰጥም ከፈለጉ፣ አስቀድመው በጽሑፍ ያሳውቁ። ጥበቃው ተቀብሎ ከፈረመ፣ ዕቃው በማን እጅ ሳለ እንደተጎዳ ማስረዳት አስቸጋሪ ይሆናል።

2. በር ላይ፦ ሳያዩ አይፈርሙ

ከሁሉም በላይ የምመክረው ይህንን ነው። አንድ ዕቃ ተጎድቶ የደረሰው በመንገድ ይሁን ወይስ ከተረከቡት በኋላ በቤት ውስጥ የሚለው ጥያቄ በአብዛኛው የሚወሰነው በርዎ ላይ በሚያሳልፉት አምስት ደቂቃ ነው። ይሉኝታው ይገባኛል፤ ልጁ ቸኩሏል፣ ሌላ ደንበኛ እየደወለበት ነው፣ ዝናብም አለ። ቢሆንም «ወንድሜ፣ ወደ ውስጥ ግባና አብረን እንየው» ማለት እሱንም መጠበቅ ነው፤ ጉዳቱ እሱ ከመረከቡ በፊት የደረሰ ከሆነ የእሱም ምስክር እርስዎ ነዎት።

በመጀመሪያ ካርቶኑን ሳይከፍቱ ዙሪያውን ይመልከቱ። ጥጎቹ ተጨፍልቀው ከሆነ፣ የውሃ ምልክት ካለ፣ ፕላስተሩ ተቀዶ በሌላ ዓይነት ፕላስተር ተለጥፎ ከሆነ በአራቱም በኩል ፎቶ ያንሱ። ከተቻለ አንዱ ፎቶ ላይ ደረሰኙ አብሮ ይታይ። ከዚያ በኋላ ዕቃውን ባመጣው ሰው ፊት ይክፈቱት።

የሚፈትሹት እንደ ዕቃው ይለያያል። ሸክላ ነገር፣ ምጣድም ይሁን ጀበና፣ በጣት አንጓ ኳኳ ተደርጎ ድምፁ ይሰማል፤ ደህናው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል። በኤሌክትሪክ ምጣድ ይህን ማለፍ አደጋ ጭምር ነው፤ ሊጡ በስንጥቁ ሰርጎ ከሸክላው ሥር ወዳለው የሚግል ሽቦ ሊደርስ ይችላልና። ቴሌቪዥን ከሆነ ሰክተው ምስሉን ይዩ፤ የስክሪን ጉዳት አንዳንዴ ከውጭ ምንም ሳይታይ ሲበራ ብቻ በመስመር ወይም በጥቁር ነጠብጣብ ይገለጣልና። መብራት ከሌለ፣ ይህም ዳር ከተማ ለሚኖር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም፣ «መብራት ስለሌለ ሳይሞከር የተረከብኩት» ብለው ደረሰኙ ላይ ይጻፉ። ለስልክ እሽጉ አለመከፈቱን፣ ለዘይትና ለማር ክዳኑ አለማፍሰሱን ማየት ይበቃል።

ጉዳት ካገኙ ሁለት ምርጫ አለዎት፤ መመለስ ወይም ማሳሰቢያ ጽፎ መረከብ። ዕቃው ፈጽሞ የማይጠቅም ሆኖ ከተሰባበረ ባይረከቡት ይሻላል። ጉዳቱ ከፊል ከሆነ ግን በማሳሰቢያ ቢረከቡ እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ተመልሶ የሄደ ዕቃ ከዓይንዎ ይርቃል፣ በመልስ ጉዞው ምን እንደደረሰበትም አያውቁም። ማሳሰቢያው «ተጎድቷል» በሚል አንድ ቃል መቅረት የለበትም። ለምሳሌ እንዲህ ይጻፍ፦

«ካርቶኑ በታችኛው ቀኝ ጥግ ተጨፍልቆ፣ ፕላስተሩም ተቀዶ እንደገና ተለጥፎ ደርሷል። በአምጪው ፊት ሲከፈት ሸክላው ከጠርዙ እስከ መሀሉ ተሰንጥቆ ተገኝቷል። ሐምሌ 12 ቀን፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ከ20።»

ይህ በድርጅቱ ቀሪም በእርስዎም ቅጂ ላይ መስፈር አለበት። መፈረሚያው በስልክ ስክሪን ላይ ብቻ ከሆነና መጻፊያ ቦታ ከሌለው፣ ያንኑ ጽሑፍ ከፎቶዎቹ ጋር ሞተረኛው ቆሞ ሳለ ወደ ድርጅቱ ቁጥር ይላኩት። አምጪው ከደመወዜ ይቆረጣል ብሎ ሰግቶ ሊማጸንዎ ይችላል። በእሱ ላይ አይጩኹ፤ ያዩትን ብቻ ይጻፉ፣ «ሞተረኛው ሰበረው» ብለው ያላዩትን አይጨምሩ።

ክፍያው ዕቃው ሲደርስ የሚፈጸም ከሆነ፣ በቴሌብርም ይሁን በባንክ፣ ፍተሻው ሳያልቅ አይላኩ። የተላከ ገንዘብ ለማስመለስ የሌላውን ወገን ፈቃድ ወይም ረጅም ሂደት ይጠይቃል።

3. ጉዳቱን ዘግይተው ካወቁ

እንደ እኔ ፈርመው ከሆነ ነገሩ ይከብዳል እንጂ አያበቃም። ዕቃውን መጠቀም ያቁሙ፤ ለመጠገንም አይሞክሩ። ካርቶኑን፣ ፎሙን፣ የተለጠፈበትን ወረቀት ሁሉ ያስቀምጡ፤ እናቴ ካርቶኑን ለማገዶ ሳታውለው ደርሼ ያተረፍኩት በዕድል ነው፤ ኋላ ላይ የካርቶኑ ጥግና የስንጥቁ መነሻ በአንድ በኩል መሆናቸው ዋናው ማስረጃዬ ሆነ። ፎቶ ያንሱና በዚያው ዕለት ለሻጩም ለዴሊቨሪውም ያሳውቁ።

ስልክ መደወል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ከደወሉ በኋላ «ዛሬ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ በስልክ እንደገለጽኩት» ብለው የተናገሩትን በአጭር የጽሑፍ መልእክት ይድገሙት። በቴሌግራም የሚጻጻፉ ከሆነ ወዲያው ስክሪንሾት ያንሱ፤ ቴሌግራም ላይ አንዱ ወገን መልእክቱን ለሁለቱም ማጥፋት ይችላል።

4. ማመልከቻ በጽሑፍ ያስገቡ

በሁለት ወይም በሦስት ቀን ውስጥ ተጨባጭ መልስ ካልተሰጠዎ አንድ ገጽ የማይሞላ ማመልከቻ በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ። ዕቃው ምን እንደሆነ፣ መቼና ከየት እንደተነሳ፣ የደረሰኙ ቁጥር፣ መቼ እንደደረሰና የታየው ጉዳት ከተገለጸ በኋላ የሚፈልጉት ነገር በግልጽ ይጻፍ፦ ዕቃው ይለወጥልኝ፣ ወይም የዕቃው ዋጋና የማድረሻው ክፍያ ተደምሮ ይህን ያህል ብር ይመለስልኝ፣ ወይም ለጥገና የተጠየቀው ይህን ያህል ብር ይከፈለኝ። ጥገና የሚጠይቁ ከሆነ ከአንድ ሠራተኛ የጽሑፍ የዋጋ ግምት ያያይዙ። «ተገቢው ካሳ ይሰጠኝ» የሚል ማመልከቻ መልስ ለመስጠት አይመችም፤ ቁጥር የሌለው ጥያቄ ይንከባለላል። መልስ የሚጠብቁበትን ቀንም ይጥቀሱ።

አንዱን ቅጂ አስገብተው በሌላው ላይ የተቀበለው ሠራተኛ ስም፣ ፊርማ፣ ቀንና የድርጅቱ ማህተም እንዲሰፍር ያድርጉ። ከቦሌ አራብሳ መሀል ከተማ ወዳለው ቢሮ መሄድ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ቢሆንም ማህተም ያረፈበት ቅጂ ለሚቀጥለው ሂደት ሁሉ መሠረት ነው።

5. በፖስታ፣ በአውሮፕላንና በአውቶቡስ የመጣ ከሆነ

ከውጭ በፖስታ የመጣ ጥቅል ተጎድቶ ካዩት እዚያው መስኮቱ ላይ፣ ከመፈረምዎ በፊት፣ ለሠራተኛው ያሳዩና ጉዳቱ እንዲመዘገብ ይጠይቁ። ሳይደርስ ለቀረ የውጭ ጥቅል በዓለም የፖስታ ኅብረት ስምምነት መሠረት የማጣራት ጥያቄ የሚቀርበው ዕቃው ፖስታ ቤት ከገባበት ማግስት ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ላኪው የላከበትን ደረሰኝ እንዳይጥል ይንገሩት።

በዓለም አቀፍ በረራ በካርጎ ለመጣ ዕቃ የሚሠራው የ1999ኙ የሞንትሪያል ስምምነት ነው። ለካርጎ ጉዳት ቅሬታው ዕቃው ከተረከቡበት ቀን ጀምሮ በ14 ቀን፣ ለተመዘገበ የመንገደኛ ሻንጣ ደግሞ በ7 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መቅረብ አለበት። እነዚህ ቀናት ካለፉ አየር መንገዱ ካላታለለ በስተቀር ክስ ማቅረብ አይቻልም፤ በጊዜው ቅሬታ ላቀረበም ቢሆን የክሱ ጊዜ 2 ዓመት ብቻ ነው። (ቀናቱ የሚቆጠሩት በአውሮፓውያን ወይም በእኛ አቆጣጠር ቢሆን ለውጥ የላቸውም፤ ማመልከቻው ላይ ግን የትኛውን እንደጻፉ ይግለጹ።)

ከክልል በአውቶቡስ ለሚመጣ ዕቃ ላኪው ከድርጅቱ የዕቃ ደረሰኝ ይቁረጥ። ደረሰኝ ሳይኖር ለረዳት በእጅ የተሰጠ ዕቃ ከሆነ ቢያንስ የአውቶቡሱ ታርጋ፣ የረዳቱ ስልክና የተነሳበት ሰዓት ይያዝ።

6. ድርጅቱ እምቢ ቢል

ዕቃውን የገዙት ለራስዎ ወይም ለቤተሰብዎ መጠቀሚያ ከሆነ በሕግ «ሸማች» ነዎት። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ከገዛው ዕቃ ወይም አገልግሎት ጋር በተያያዘ ለደረሰበት ጉዳት ካሳ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፤ ነጋዴውንም ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለበት ይላል። ለሱቅዎ መልሶ የሚሸጥ ዕቃ ያስመጡ ከሆነ ግን በዚህ ትርጉም ሸማች አይደሉም፤ መሠረትዎ ውሉና ስለ ዕቃ ማጓጓዝ የወጣው ሕግ ነው።

ቅሬታው ለንግድ ጽሕፈት ቤት ይቀርባል። እዚህ ላይ ዳር የሚኖር ሰው አንድ ነገር ልብ ይበል፦ ለገጣፎ፣ ቡራዩ፣ ሰበታና ገላን በሸገር ከተማ ሥር ሲሆኑ ሻጩና ዴሊቨሪው አብዛኛውን ጊዜ ፈቃድ ያወጡት አዲስ አበባ ነው። ስለዚህ ፋይልዎን ይዘው ከመውጣትዎ በፊት ድርጅቱ የንግድ ፈቃድ ያወጣው በየትኛው ክፍለ ከተማና ወረዳ እንደሆነ ይጠይቁ፤ አለበለዚያ «የእኛ አይደለም» ተብለው ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ይመላለሳሉ። ወደ ፍርድ ቤት ለመሄድ ካሰቡ የወጪውንና የካሳውን ልክ ያመዛዝኑ፤ የሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡባቸው ማዕከላትም ስላሉ አስቀድመው መጠየቅ ይቻላል።

7. ካሳ ሲቀበሉ

በመጨረሻ የሚሰጥዎትን ወረቀት ሳያነቡ አይፈርሙ። ከጠየቁት ከፊሉን ብቻ ከከፈሉዎና ወረቀቱ «ሙሉ ካሳ ተቀብያለሁ፣ ሌላ ጥያቄ የለኝም» የሚል ከሆነ ቀሪውን ጥያቄ በራስዎ እጅ እየዘጉት ነው። የእኔን ጉዳይ ሻጩ ሸክላውን በመለወጥ ፈታው፤ የማድረሻው ክፍያ ግን አልተመለሰልኝም ነበር። ስለዚህ መረከቢያው ላይ «ሸክላው ተለውጦልኛል፤ የማድረሻ ክፍያው ጥያቄ እንዳለ ነው» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። የተሰነጠቀውን ሸክላ ሲወስዱም የወሰዱበትን ቀን የሚያሳይ ወረቀት ተቀበልኩ።