በጦርነት ባሏን ያጣች የጎንደር ሴት ኑሮዋን እንደገና እንዴት ማቋቋም ትችላለች?

ለቅሶው ሳይወጣ ስለ ወረቀት ማንሳት ነውር ቢመስልም፣ ጡረታውም ሆነ ውርሱ የሚጠየቀው በሞት ምስክር ወረቀት ስለሆነ ከዚያ መጀመር ይገባል። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ሞት የሚመዘገበው በ30 ቀናት ውስጥ ነው፤ መንገድ ተዘግቶ ወይም ከቀያችሁ ተፈናቅላችሁ ጊዜው ቢያልፍ እንኳ የዘገየ ምዝገባ ስላለ ወደ ቀበሌው የወሳኝ ኩነት (የልደት፣ የጋብቻና የሞት) ምዝገባ ቢሮ ከመሄድ አይቅሩ። ሟቹ ወታደር ከነበረ ከክፍሉ የተላከውን ደብዳቤ፣ ሕክምና ላይ ካረፈ የሆስፒታሉን ማስረጃ ይያዙ።

አስከሬኑም መርዶውም ያልመጣላት ሴት ችግር ከሁሉ ይከብዳል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 154 መሠረት፣ ወሬው ከጠፋ ሁለት ዓመት የሞላው ሰው መጥፋቱ እንዲወሰን ለፍርድ ቤት ማመልከት ይቻላል። ቀብሮ ያላለቀሰ ቤተሰብ ይህን ማመልከቻ መፈረም ሰውየውን በቁሙ እንደ መቅበር ይቆጥረዋል፤ ስለዚህ አማትዎንና የባልዎን ወንድሞች አስቀድመው በሽማግሌ ቢያነጋግሩ ኋላ ከሚነሳው ጠብ ይድናሉ።

ቀጥሎ የንብረቱ ጉዳይ ይመጣል። ብዙ ጊዜ የሟች ዘመዶች «የወንድማችን ቤት ነው» ብለው ሲነሱ መበለቲቱ ዝም ትላለች። ሆኖም በትዳር ውስጥ የተፈራ ሀብት፣ ካርታው በባል ስም ብቻ ቢሆንም፣ የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ነው፤ ግማሹ ቀድሞውኑ የእርስዎ ሲሆን ለውርስ የሚቀርበው የሟቹ ግማሽ ብቻ ነው፤ ኑዛዜ ከሌለም ልጆች ቀዳሚ ወራሾች ናቸው። ልጆችዎ የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት እንዲያገኙ ያመልክቱላቸው። መሬቱ ገጠር ከሆነ የይዞታ ደብተሩን ከእጅዎ አያውጡ፤ ለማንም «ለጊዜው» ብለው አይስጡ። ሙስሊም ቤተሰቦች ጉዳዩን በሸሪዓ ፍርድ ቤት ማየት የሚችሉት ተከራካሪዎቹ ሁሉ ሲፈቅዱ ነው።

ባልዎ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ፖሊስ ወይም ወታደር ከነበረ የተተኪ ጡረታ ይጠይቁ፤ ለሚስት የሚታሰበው የሟቹ አበል 50 በመቶ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ደግሞ 20 በመቶ ነው። የጋብቻና የልጆች ልደት ምስክር ወረቀት ስለሚጠየቅ አስቀድመው ያሟሉ።

ተዝካርን በተመለከተ ጠንከር ብዬ እናገራለሁ፦ በብድር አይደግሱ። ፍትሐቱ ይፈታ፣ ነዳያን ይብሉ፤ የዕድሩ ገንዘብ ግን ለሰፈር ድግስ አልቆ ልጆች ከትምህርት ቤት መቅረት የለባቸውም።

ከዕድሩ ገንዘብ የተረፈው ለአነስተኛ ንግድ መነሻ ሊሆን ይችላል። ቅዳሜ ገበያ ወስዶ የሚሸጥ ሽሮና በርበሬ፣ ወይም ፒያሳ ላሉ ምግብ ቤቶች የሚቀርብ እንጀራ፣ ቤት ውስጥ ባለው ዕቃ ሊጀመር ይችላል። ምግብ ቤቶች ዱቤ ስለሚወዱ የሳምንቱን ሂሳብ ሳይቀበሉ የሚቀጥለውን ሳምንት አያስረክቡ። የቀድሞው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ የዛሬው ጸደይ ባንክ፣ የሚያበድር ቢሆንም ሁለትና ሦስት ወር በራስዎ ገንዘብ ነግደው ትርፉን ሳያዩ አይበደሩ። ዕቁብም ቢሆን የሚጣለው ከትርፉ ይሁን፤ የጤፍ መግዣው በሌላ ቋጠሮ ይቀመጥ።