ቁልፍ ብቻ አታስረክቡ

ጤና ኬላ የምትደግፉ ባልደረቦቼ፣ አዲስ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ስትመደብላችሁ የጤና ኬላውን ቁልፍ አስረክባችሁ ብቻ አትመለሱ። እኔ አንድ ጊዜ እንዲህ አድርጌያለሁ። ልጅቷ የመጀመሪያውን ሌሊት ያደረችው የምርመራ አልጋ ላይ ነው። ጋቢዋን ተከናንባ፣ በሩን በጠረጴዛ ደግፋ። ይህን የነገረችኝ ከ2 ዓመት በኋላ ነው። እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ነርስ ነኝ። አንድ ደጋ ወረዳ ውስጥ ለ11 ዓመት ጤና ኬላዎችን ስደግፍ ኖሬያለሁ። አንድ ጤና ጣቢያ ብዙውን ጊዜ 5 ጤና ኬላዎች አሉት። በየኬላው 2 ሴቶች፣ ለሁለቱ ደግሞ 5,000 የሚሆን ሰው። ፕሮግራሙ ከተጀመረበት ከ1995 ዓ.ም ወዲህ ሥራው የእግር ሥራ ነው፤ ደመወዙም ያን ያህል የሚያወላዳ አይደለም። ታዲያ ሰው በምን ይሰነብታል? እኔ እንዳየሁት «የእኔ ሰዎች» የምትላቸው ያሏት ትሰነብታለች። ብቻዋን የቀረችው ወይ ዝውውር ትጠይቃለች፣ ወይ እየፈረመች ልቧ ይሸፍታል።

ስለዚህ ከማደሪያ ጀምሩ። ከመምጣቷ በፊት ቤት ይፈለግላት። ፍራሹ፣ ባልዲው፣ መብራቱ ከሁላችሁም ይዋጣ። የመጀመሪያውን ቀን ምሳ አብራችሁ ብሉ። ከቀበሌው ሊቀ መንበር በፊት ከጎረቤት እናት ጋር አስተዋውቋት። ሌሊት ብትታመም የምትደርስላት እሷ ናት።

ሁለተኛው ነገር የወሩ ስብሰባ ነው። ሪፖርታችን ወሩ በገባ በ20 ይዘጋል፤ ከዚያ ሁሉም ጤና ጣቢያው ውስጥ ይሰበሰባሉ። አሥሩ ሴቶች ፊት ለፊት የሚገናኙት በወር ያቺን አንድ ቀን ነው። በደረጃ አሰጣጥ አታበላሹባቸው። እኛ ጋ አንድ ኃላፊ ውጤቱን ከመጨረሻዋ ጀምሮ በስም እየጠራ ያነብ ነበር። መጨረሻ የምትወጣው ሁልጊዜ ወንዝ ማዶ ያለችው ናት። ክረምት ወንዙ ሲሞላ እንዴት ብላ ትሻገር? በሦስተኛው ወር የክትባት ቁጥሯ ድንገት ዘለለ። ሄጄ የቀሩትን ብልቃጦች ብቆጥራቸው ከመዝገቡ ጋር አልገጠሙም። አልተቆጣሁም። ቁጭ ብለን አብረን አለቀስን፤ ከዚያ ሪፖርቱን አስተካከልን።

ከዚያ በኋላ ስብሰባውን «የከበዳችሁ ምንድን ነው?» ብለን መጀመር ጀመርን። ለወንዝ ማዶዋ ክረምት ከመግባቱ በፊት ከጎረቤት ኬላ ሁለት ሰው ለ3 ቀን ሄደላት። ቁጥሩን የምናየው ከዚህ በኋላ ነው። አንድ ለአምስት ስንደራጅም የጠቀመን ይህ ነበር። ወደ ቅጽ መሙላት ሲለወጥ ግን ማንም ከልቡ አልያዘውም።

ትንሽ የሚመስል ግን ቡድን የሚሠራ ወይም የሚያፈርስ ነገር ልንገራችሁ፤ የኩፍኝ ክትባት። እኛ ጋ የሚመጣው ብልቃጥ ለ10 ሕፃናት ነው። ከተበጠበጠ በኋላ ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም፤ የተረፈው ይደፋል። አንዲት እናት የ9 ወር ልጇን አዝላ ሁለት ሰዓት በእግር ትመጣለች። ሌላ ሰው የለም። ባለሙያዋ ብልቃጡን በእጇ ይዛ ታየዋለች፣ መልሳ ቫክሲን ካሪየሩ (የክትባት ማቀዝቀዣ ሣጥኑ) ውስጥ ትከተዋለች። «ማክሰኞ ነይ» ትላለች። ክፉ ሆና አይደለም፤ «ለምን አባከንሽ?» የሚላትን ፈርታ ነው። ለቡድናችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ፦ ለአንድ ልጅም ቢሆን ይከፈት፣ ስለ ብክነቱ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ቃላችሁን አክብሩ፤ ሲጠየቁም ከፊት ቁሙ። ከዚያ ብክነቱን ለመቀነስ ሁለት ኬላ አንድ ቀን አብረው ይከትቡ። አንዷ ቤት ለቤት እየዞረች ትጥራ፣ ሌላዋ ትውጋ፣ ሦስተኛዋ ትመዝግብ። ማታ ላይ «ዛሬ 23 ሆኑ!» ሲባባሉ ብትሰሟቸው ደስ ይላችኋል።

ወሊድና ሐዘን ሳይመጡ ተዘጋጁ። የወሊድ ፈቃድ 120 ቀን ነው። ሁለት ሰው ባለበት ኬላ ይህ ማለት ጓደኛዋ 4 ወር ብቻዋን ነች ማለት ነው። እዚህ ላይ ነው ቅያሜ የሚገባው። እርግዝናው 7 ወር ሳይሞላው ተቀመጡና በሳምንት ሁለት ቀን ማን እንደሚያግዛት በስም ጻፉ። ለሐዘንም እንዲሁ፤ ለቅሶ የሚደርሱና ኬላውን ከፍተው የሚውሉ ሰዎች አስቀድመው ይታወቁ። ለዚህ የምታዋጡት በወር ትንሽ ብር ይሁን፣ ግን ሳይለምኑ የሚወጣ።

አንድ ከባድ ነገር አለ። የተዋደደ ቡድን ጥፋትም ይሸፋፍናል። አንዷ ቀርታ ሌላዋ ብትፈርምላት፣ ፍቅር ይመስላል። በዚያ ቀን ግን ነፍሰ ጡር መጥታ ተመልሳ ሊሆን ይችላል። እኔ እንዲህ ብዬ እጠይቃቸዋለሁ፦ «እናትሽ ብትሆንስ የመጣችው?» በሰው ፊት አልጠይቅም፣ ለብቻ ነው። ጥፋቱን ግን አላድበሰብስም፤ አብረን መዝገቡን እናርማለን።

ስትዛወርም ዝም ብላችሁ አትሸኟት። ቡና ይፈላ፣ አሥሩም ይምጡ። ቁልፉን ከእናንተ እጅ ሳይሆን ከሂያጇ እጅ አዲሷ ትቀበል። የትኛዋ እናት ወር እንደገባባት፣ የትኛው ቤት ውሻ እንዳለው፣ ወንዙ በየት በኩል እንደሚሳሳ እሷ ትንገራት። ያቺ ምርመራ አልጋ ላይ ያደረችው ልጅ ስትዛወር ለተተኪዋ ቁልፍና ፍራሽ ነው ያስረከበቻት።