በየቀኑ ኪስ የሚገባ ሰንጢ፦ አመራረጥ፣ አያያዝና ስብስብ

ሰንጢ መሰብሰብ የጀመረ ሰው ቶሎ ብዛት ያምረዋል። አስር ርካሽ ሰንጢ መሳቢያ ውስጥ ከመደርደር አንድ በወጉ የተሠራ ገዝቶ ስድስት ወር ኪስ ውስጥ ማዋል ይሻላል። ሞላው ምን ያህል ቢጠነክር እንደሚመችዎ፣ የትኛው እጀታ መዳፍ እንደሚቆረቁር፣ ስንት ሴንቲ ሜትር ስለት ለሥራዎ እንደሚበቃ የሚታወቀው በመጠቀም ብቻ ነው። እዚህ የምንጽፈው ስለ ባህላዊዎቹ ነው፦ በሁለት እጅ፣ በጥፍር የሚከፈቱ፣ እጀታቸው እንጨት፣ አጥንት፣ ቀንድ ወይም ቀላል ብረት የሆነ፣ ብርቱካን ለመላጥ፣ ገመድ ለመቁረጥና ካርቶን ለመክፈት የሚሆኑ።

ሁለቱ አሠራሮች

የመጀመሪያው በቀለበት የሚቆለፈው ነው፤ ዋናው ምሳሌ ኦፒኔል። ጆሴፍ ኦፒኔል በፈረንሳይ ሳቮዋ ይህን ሰንጢ መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1890 ሲሆን፣ በ1897 ከቁጥር 1 እስከ ቁጥር 12 መጠን ወጣለት። ዛሬም የሚሸጠው በእነዚያ ቁጥሮች ነው፤ 1 እና 11 ብቻ ቀርተዋል። ያለው አምስት ክፍል ነው፦ ስለት፣ የእንጨት እጀታ፣ ማጠፊያ ችንካር፣ ቋሚ ቀለበትና በ1955 የተጨመረው ተሽከርካሪ ቀለበት። ቀለበቱን ሲያዞሩት ስለቱ ተከፍቶ ይቆለፋል፤ ከ2000 ወዲህ የተሠሩት ደግሞ ታጥፈውም ይቆለፋሉ።

ሁለተኛው ቁልፍ የለውም። በእጀታው ጀርባ የተጋደመ ሞላ የስለቱን ሥር ይጫነዋል፤ ስለቱ ተከፍቶም ሆነ ታጥፎ የሚቆየው በዚያ ግፊት ብቻ ነው። የስዊዙ ቪክቶሪኖክስ፣ የአሜሪካው ኬዝ፣ በፈረንሳይ ላጊዮል መንደር ስም የሚጠራው ሰንጢም በአብዛኛው እንዲህ ናቸው። ላጊዮልን በሚመለከት አንድ ነገር ይወቁ፦ ስሙ የአንድ አምራች ንብረት ስላልሆነ እጀታው ላይ የንብ ቅርጽ ያለበት ሁሉ አንድ ዓይነት ጥራት የለውም። ንቧን ትተው የሞላውንና የስለቱን መጋጠም ይዩ።

ለመጀመሪያ ግዢ ኦፒኔል ቁጥር 7 ወይም 8 እንመክራለን። የቁጥር 8 ስለት 8.5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሰንጢው ሙሉውን 45 ግራም ያህል ይመዝናል። ሱሪዎ ጠባብ ከሆነ ቁጥር 7 (8 ሴንቲ ሜትር) ይሻላል፤ ቁጥር 9 እና ከዚያ በላይ ያሉት ለኪስ ሳይሆን ለምግብ ጠረጴዛ ናቸው። ሁለተኛው ግዢ ባለ ሞላ ይሁን። የቪክቶሪኖክስ ባለ አልሙኒየም እጀታ ፓዮኒር፣ ታጥፎ 93 ሚሊ ሜትር፣ ውሃም ላብም አይበግረውም። አጥንትና ቀንድ እጀታ ያላቸውን በሦስተኛ ደረጃ ይግዙ፤ ጥንቃቄ ይፈልጋሉና።

የካርቦን ብረት ወይስ አይዝጌ? ካርቦኑ ቶሎ ይሳላል፣ ስለቱም ደስ ይላል። ነገር ግን ሎሚ ወይም ብርቱካን ቆርጠው ሳይጠርጉ ካጠፉት በአንድ ሰዓት ውስጥ ይጠቁራል፣ ካደረ ይዝጋል። ጥቁረቱን አይፍሩት፤ ግራጫና ሰማያዊ እየሆነ የሚሄደው ሽፋን ቀዩን ዝገት በመጠኑ ያዘገያል። የሚያስፈራው ቀዩ ነው፤ ብረቱን እየበላ ጉድጓድ ይተዋል። ፍራፍሬ በብዛት የሚቆርጥና መጥረግ የሚረሳ ሰው አይዝጌውን ይውሰድ።

አሮጌ ሰንጢ ሲገዙ

ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ስለሆነ ቸኩለው አይግዙ።

መጀመሪያ ስለቱን ቀስ ብለው ይክፈቱና ጀርባውን ይመልከቱ። በደንብ የተሠራ ባለ ሞላ ሰንጢ ተከፍቶ ሲቆም ሞላውና የስለቱ ጀርባ አንድ መስመር ይሆናሉ፤ ጥፍርዎን ሲያስኬዱበት አይደናቀፍም። አንዳንዶቹ በግማሽ መንገድ፣ በ90 ዲግሪ፣ ቆም ይላሉ። ያ ማቆሚያ ጣትን ስለሚያድን ጥሩ ምልክት ነው። ሲከፈትም ሲታጠፍም ጥርት ያለ «ቀጭ» መስማት አለብዎት። ድምፁ የደከመ ከሆነ ወይ ቆሻሻ ገብቶበታል፣ ወይ ሞላው ዝሏል። ቆሻሻው ይታጠባል፤ የዛለ ሞላ ግን ችንካሩ ካልወጣ አይቀየርም፣ ችንካር ማውጣት ደግሞ አጥንቱን መሰንጠቅ ሊያስከትል ይችላል።

ቀጥሎ የተከፈተውን ስለት በሁለት ጣት ይዘው ወደ ግራና ቀኝ ይነቅንቁት። ፀጉር ታህል መንቀሳቀስ በአሮጌ ዕቃ ያለ ነው። ከዚያ ካለፈ ችንካሩ ተበልቷል ወይም አንድ ሰው ስለቱን እንደ ፌሮ ተጠቅሞ ክዳን ፈልቅቆበታል።

አሁን አጥፈው በብርሃን አንጻር ይያዙት። የስለቱ ጫፍ ከእጀታው ጠርዝ በላይ ብቅ ብሎ ከታየ ሰንጢው ለኪስ አይሆንም፤ ጨርቅ ይቀድዳል፣ እጅዎን ሲያስገቡም ይወጋል። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከመጠን ያለፈ መሳል ነው። ስለቱ እየጠበበ ሲሄድ ጫፉ ወደ ጀርባው ይጠጋል። የአንዳንዱ ስለት አፍ ደግሞ ሲታጠፍ የሞላውን ብረት ይመታል። ለማወቅ አፉን በጎን ብርሃን ይዩት፦ መሃል ላይ እንደ ነጭ ነጥብ የምታበራ ጠፍጣፋ ቦታ ካለች እየመታ ነው። ይህን የሚያህል ጉድለት ያለበትን በግማሽ ዋጋም አይውሰዱ። ደህናውንም ቢሆን ሲያጥፉ ስለቱን ለቀው አያስፈንጥሩት፤ እስከ መጨረሻው በጣት ይሸኙት።

የእጀታው ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከችንካሩ ቀዳዳ ነው፤ አጥንት ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ችንካሩ ግን አይኮማተርም። ስንጥቁ ጠርዝ ጋ ካልደረሰ ችግር የለውም። ሴሉሎይድ እጀታ ግን ሌላ ነገር ነው። እያረጀ ሲበሰብስ ብረት የሚበላ የአሲድ ትነት ያወጣል፤ በአንድ ሳጥን ያሉትን ጎረቤቶቹንም ያዝጋል። በእሳትም በቀላሉ ይያያዛል። ከእጀታው አጠገብ ብቻ የዛገ ስለት፣ የሚሰነፍጥ ሽታና የጠመዘዘ እጀታ ካዩ ያ ነው፤ ከገዙትም ለብቻው፣ አየር በሚያገኝ ቦታ ያስቀምጡት።

በመጨረሻ የስለቱ ሥር ላይ ያለውን ማኅተም ያንብቡ። ኬዝ በዚህ ለሰብሳቢ ደግ ኩባንያ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ከስሙ ሥር አስር ነጥብ ያትም ነበር፤ በየዓመቱ አንድ ነጥብ ይቀንሳል። ስለዚህ ሰባት ነጥብ ያለው የ1973 ነው። በ1980 አጻጻፉን ቀይሮ እንደገና ከአስር ጀመረ፤ የማኅተሙን ፊደል ሳያዩ ነጥብ ብቻ ከቆጠሩ አስር ዓመት ሊሳሳቱ ይችላሉ። የሞዴል ቁጥሩም ይነበባል፦ 6318 ላይ 6 አጥንት እጀታ፣ 3 ሦስት ስለት፣ 18 የቅርጹ መለያ ነው። ማኅተሙ ደብዝዞ ስለቱ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ከሆነ በማሽን ተሞርዷል፤ ለሰብሳቢ ዋጋው ወርዷል። ሻጩ «አዲስ አስመስዬዋለሁ» ሲል እየነገረዎት ያለው ይህንኑ ነው።

የተጣበቀ ኦፒኔል

በዝናብ የራሰ ወይም ከዕቃ ጋር የታጠበ ኦፒኔል አልከፈት ይላል። እጀታው ቢች የሚባል እንጨት ነው፤ ውሃ ሲጠጣ ያብጥና ስለቱን ከሁለት በኩል ያንቀዋል። በጥርስ ወይም በፒንሳ አይጎትቱት። ቀለበቱን ወደ ክፍት ያዙሩና የእጀታውን የታች ጫፍ ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ መታ መታ ያድርጉት፤ የስለቱ ጫፍ ትንሽ ብቅ ይላል፣ ከዚያ በጥፍር ይይዙታል። ሳቮዋዎች የሚከፍቱት እንዲሁ ነው።

ከተከፈተ በኋላ ጥላ ባለበት ቦታ ሁለት ሦስት ቀን ይድረቅ። ምድጃ ላይ ወይም ፀሐይ ላይ ከተቀመጠ ላዩ ቀድሞ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ደርቆም ካልተላቀቀ ቁጥር 240 ብርጭቆ ወረቀት በቀጭን ካርቶን ላይ አጥፈው ስለቱ የሚታጠፍበትን የእጀታውን ስንጥቅ ውስጥ ግራና ቀኙን እኩል ይሞርዱ፤ አምስት ምልልስ፣ ሙከራ፣ እንደገና አምስት። አብዝተው ከሞረዱት እንጨቱ ሲደርቅ ስለቱ ይላላል፣ የወጣው እንጨት ደግሞ አይመለስም።

ከዚያ ውሃ እንዳይገባበት የንብ ሰም በፀጉር ማድረቂያ እያሞቁ ስንጥቁ ውስጥና ማጠፊያው ዙሪያ ያጠጡት፤ ትርፉን በጨርቅ ይጥረጉ። የተልባ ዘይትም ይሆናል፣ ነገር ግን ስስ አድርገው ይቀቡ፤ ዘይት ውስጥ ከዘፈዘፉት እሱ ራሱ እንጨቱን ያሳብጠዋል። ዘይቱን የጠረጉበትን ጨርቅ ጨብጠው አይጣሉ፤ የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይሞቃልና የተጠቀለለ ጨርቅ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ዘርግተው ውጭ ያድርቁት።

ማጽዳትና መሳል

ኪስ ውስጥ የዋለ ባለ ሞላ ሰንጢ በየወሩ መታጠብ አለበት። ስለቶቹን ሁሉ ከፍተው ለብ ባለ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና በጥርስ ብሩሽ ይሹት፤ ሞላው ሥር የተጠቀጠቀውን የኪስ ብናኝ በስንጥር ያውጡ። በደንብ ያድርቁና በየማጠፊያው አንድ ጠብታ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ያድርጉ። ሃያ ጊዜ ያህል ሲከፍቱና ሲያጥፉ ከማጠፊያው ጥቁር ዘይት ይወጣል፤ ይጥረጉና ንጹሕ እስኪሆን ይድገሙት። ለምግብ የሚጠቀሙበት ከሆነ ከመድኃኒት ቤት የሚገኝ ፓራፊን ዘይት ይተካል። የምግብ ዘይት አይሁን፤ ቆይቶ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። አጥንት፣ ቀንድና እንጨት እጀታ ያላቸውን ውሃ ውስጥ አይክተቱ፤ በእርጥብ ጨርቅ ይበቃቸዋል።

ለመሳል ቁጥር 1000 ድንጋይ ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል። በየጎኑ 20 ዲግሪ አካባቢ ይያዙት፤ የወረቀት ማዕዘን ሁለት ጊዜ ለእኩል ቢያጥፉት 22.5 ዲግሪ ይሰጥዎታል፣ ለእጅ ማስለመጃ ይሆናል። አፉን በማርከር ቀብተው ጥቂት ጊዜ ይሳሉና ይመልከቱ። ቀለሙ ከአፉ ጠርዝ ካልለቀቀ ጀርባውን አብዝተው አስተኝተውታል፤ ከጠርዙ ብቻ ከለቀቀ አብዝተው አቁመውታል። አንዱን ጎን የሚስሉት በተቃራኒው በኩል ስስ ቅራፊ እስኪወጣ ነው። አውራ ጣትዎን ከስለቱ ጀርባ ወደ አፉ፣ ወደ ውጭ፣ ሲያንሸራትቱ ያዝ ታደርጋለች። ከሥር እስከ ጫፍ ሳትቋረጥ ከተሰማችዎ ያዙሩት። አብዛኛው ሰው «ስዬ ስዬ እምቢ አለኝ» የሚለው ቅራፊዋ ሳትወጣ ጎን ስለሚቀያይር ነው። በመጨረሻ እየቀለሉ በየጎኑ ጥቂት ጊዜ ስለው በቆዳ ቀበቶ ውስጠኛ ገጽ ላይ፣ ጀርባውን አስቀድመው፣ አስር አስር ጊዜ ይጎትቱት።

ኪስ ውስጥና ሰው ፊት

የፊት ኪስ ይሁን፣ ከቁልፍና ከሳንቲም ተለይቶ። የኋላ ኪስ ላይ ሲቀመጡበት አጥንቱ ይሰነጠቃል። ሞላ ብቻ ያለውን ሰንጢ በጫፉ ለመውጋት ወይም ለመብሳት አይጠቀሙ፤ ግፊቱ ወደ ኋላ ሲዞር ጣት ላይ ይታጠፋል። መቁረጥ እየጎተቱ ነው። ለሌላ ሰው ሲያቀብሉ አጥፈው ይስጡ።

ሰው መሃል ያለ ምክንያት አያውጡት። አዲስ አበባ ውስጥ ሆቴል፣ የገበያ ሕንፃና መሥሪያ ቤት መግቢያ ላይ ፍተሻ ስላለ በዚያ ቀን ቤት መተው ከመከራከር ይቀላል። በውጭ የሚኖሩ ደግሞ ሕጉን በየአገሩ ይጠይቁ። ብሪታንያ ያለ ምክንያት መያዝ የሚፈቀደው ታጣፊ፣ የማይቆለፍና የሚቆርጠው አፍ ከ7.62 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ ነው፤ ስለዚህ ኦፒኔል ቁጥር 8 በመቆለፉም በርዝመቱም ከዚያ ውጭ ነው። ጀርመን በአንድ እጅ ተከፍቶ የሚቆለፈውን ያለ በቂ ምክንያት ይዞ መዞር ይከለክላል። አሜሪካ ሕጉ በየግዛቱና በየከተማው ይለያያል፤ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ውስጥ የሚታለፈው ስለቱ ከ6.35 ሴንቲ ሜትር ያነሰ የኪስ ሰንጢ ነው፣ ያም ሆኖ ዘበኛው ሊመልስዎት ይችላል። በአውሮፕላን ሲጓዙ ወደ ጭነት ሻንጣ ይግባ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፤ የእጅ ሻንጣ ውስጥ ከተገኘ ይወሰድብዎታል።

የማይያዙትን ሲያስቀምጡ

ቆዳ ሰገባ ውስጥ አያቆዩ። ቆዳው እርጥበት ይስባል፣ የተለፋበት ኬሚካልም ብረቱን ያዝጋል፣ ነሐሱ ላይም አረንጓዴ ያወጣል። ስስ ዘይት ቀብተው፣ አጥፈው፣ በጥጥ ጨርቅ ጠቅልለው ከጫማ ሳጥን ውስጥ የወጣ የእርጥበት መምጠጫ ከረጢት ጨምረው ያስቀምጡ። በክረምት በየወሩ፣ በበጋ በየሦስት ወሩ ከፍተው ይመልከቱ። ለእያንዳንዱ ትንሽ ካርድ ይጻፉ፦ አምራች፣ የማኅተሙ ጽሑፍ እንዳለ፣ ታጥፎ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ፣ የተገዛበት ቀንና ዋጋ፣ ያለበት ጉድለት። የስለቱን ስፋት በካሊፐር ለክተው ቢጨምሩበት ከጥቂት ዓመት በኋላ መሳሉ ምን ያህል እንደበላው ያዩበታል።