ሞተር በግቢ ውስጥ ሲወርድ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

አዳማ ውስጥ ሞተር ለምን በጋራዥ ሳይሆን በግቢ እንደሚወርድ፣ ማለትም ተፈትቶ እንደሚታደስ፣ ይገባኛል። ሚኒባሱ የቆመበት ቀን ሁሉ ገቢ የሌለበት ቀን ነው፣ የጋራዥ የእጅ ዋጋም ከብዷል፣ ሰፈር ውስጥ ደግሞ እጁ የቀና ልጅ አይጠፋም። አልቃወምም። ከቴክኒክና ሙያ የወጡ ልጆች በዛፍ ጥላ ስር ሸራ ዘርግተው ያወረዱት ፋይቭ ኤል (የቶዮታ ናፍጣ ሞተር) ዓመታት ሲሠራ አይቻለሁ። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ብዙ ገንዘብ የወጣበት፣ አዲስ ዕቃ የገባለት ሞተር ጥቂት ወር እንኳ ሳይቆይ ሰማያዊ እያጨሰ ወይም ከታች እያንኳኳ ይመጣል። ስፈታው የማገኘው ብዙ ጊዜ ያልተለካ ነገር ወይም ያልጸዳ ነገር ነው።

መውረድ የሌለበትን ሞተር ማውረድ

ዘይት የሚበላ ሞተር ሁሉ ፋሻው (ፒስቶኑን የሚከብበው የብረት ቀለበት) አልቋል ማለት አይደለም። ጠዋት ሲነሳ፣ ወይም በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ በዝግታ እየዞረ) ብዙ ቆይቶ ነዳጅ ሲሰጠው ቦግ ብሎ አጭሶ የሚጠራ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የደረቀው የቫልቭ ጎማ ነው። ወደ አሰላ ዳገት ሲይዝ ሳያቋርጥ ሰማያዊ የሚያጨስ ከሆነ ግን ፋሻና ሲሊንደር ጠርጥሩ። ከመፍታታችሁ በፊት ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውን ግፊት) ለኩ። ቤንዚን ሞተር ላይ አንዱ ሲሊንደር ዝቅ ካለ በካንዴላው (ብልጭታ ሰጪው) ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምራችሁ ድገሙት። ንባቡ ከፍ ካለ ችግሩ ፋሻ ላይ ነው፤ ካልተነቃነቀ ቫልቭ ወይም የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ነው።

የሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ ላይ ያለው ቁጥር እንዳያስደነግጣችሁ። አዳማ ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ስድስት እጅ አምስቱ ያህል ነው። መጽሐፉ 12 ባር የሚለው ሞተር እዚህ 10 ባር ቢያነብ ጤነኛ ነው። ዋናው ነገር የሲሊንደሮቹ ንባብ እርስ በርሱ መቀራረቡ ነው። ቁጥሩ አልደረሰም ተብሎ በከንቱ የተፈታ ደህና ሞተር አይቼ አዝኛለሁ።

“ፋሻ ብቻ ቀይርልኝ”

እዚህ ላይ ረዘም ልበል፤ ከሁሉ በላይ ገንዘብ የሚያስበላው ይህ ነውና። ሞተሩ ገና ሳይፈታ ባለመኪናው አዲስ አበባ የመኪና ዕቃ ገበያ፣ ሶማሌ ተራ፣ ሄዶ ፋሻ፣ ብሮንዚን (ሞተሩ ውስጥ ዘንግ የሚዞርበት ስስ ልባስ) እና ጓርኒሲዮን ገዝቶ ይመጣል። ከዚያ ቴስታታው ይነሳል፣ ፒስቶኑ ይወጣል፣ የተገዛው ፋሻ ይገባል፣ ይታሰራል። ሲሊንደሩን የለካው ሰው የለም። “ለክተኸው ነበር?” ስለው ልጁ “ጋሼ፣ ሲታይ ያብረቀርቅ ነበር እኮ” ይለኛል። የሚያብረቀርቅ ሲሊንደር ዘይት የሚይዝበት ጭረት የጠፋበት ሲሊንደር ነው፤ ማብረቅረቁ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው።

ሲሊንደር እኩል አያልቅም። ፋሻው ከላይ ደርሶ የሚመለስበት ቦታ ሙቀቱና ግፊቱ የሚበረታበት፣ ዘይቱም የሚሳሳበት ስለሆነ ከሁሉ የበለጠ ያልቃል። ቢዬላው (ፒስቶኑን ከሚዞረው ዋና ዘንግ፣ ከክራንኩ፣ ጋር የሚያገናኘው ክንድ) ፒስቶኑን ወደ ጎን ስለሚገፋው ደግሞ ክቡ ሞላላ እየሆነ ይሄዳል። አዲስ ፋሻ ግን ለክብ ነው የተሠራው፤ ሞላላ ውስጥ ሲገባ በከፊል ይነካል፣ በከፊል ክፍተት ይተዋል። ዘይት በዚያ ይወጣል፣ ግፊት በዚያ ይወርዳል።

ከዚህም የከፋ አለ። ከሲሊንደሩ አናት ፋሻ የማይደርስበት ስስ ቦታ ሳያልቅ ይቀርና ጠርዝ ይሠራል። ጥፍራችሁን ከታች ወደ ላይ ብትጎትቱት ይይዛችኋል። አሮጌው ፋሻ ከዚያ ጠርዝ ጋር አብሮ ስላረጀ አይነካውም። የአዲሱ ፋሻ ጫፍ ግን ገና ሙሉ ነው፤ በወጣ ቁጥር ጠርዙን ይመታል፣ ይሰበራል፣ የፒስቶኑንም ጫፍ ይዞ ይሄዳል። ባለቤቱ “ኦርጅናል አልነበረም” ብሎ ሻጩን ይረግማል። ፋሻው ደህና ነበር።

የሲሊንደር መለኪያ የለንም የሚለው ምክንያት ለእኔ አይበቃም። ፋሻውን ብቻውን ሲሊንደሩ ውስጥ ክተቱት፣ በተገለበጠ ፒስቶን ገፍታችሁ ቀጥ አድርጉት፣ በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለውን ክፍተት በስስ የብረት ቅጠል መለኪያ ለኩ። አንዴ ከላይ ከጠርዙ ዝቅ ብላችሁ፣ አንዴ ከታች ካላለቀው ቦታ። ልዩነቱን ለ3.14 አካፍሉ። ከላይ 1.05፣ ከታች 0.45 ሚሊሜትር ብታገኙ ልዩነቱ 0.60 ነው፤ ስለዚህ ሲሊንደሩ ከላይ በ0.19 ሚሊሜትር ገደማ ሰፍቷል። ይህ ዘዴ ሞላላነትን አያሳይም፣ ግን ሲሊንደር ወደሚሰፋበትና ክራንክ ወደሚላግበት ሬቲፊካ ቤት መሄድ እንዳለባችሁ ለማወቅ ይበቃል። እዚያ በትክክለኛ መለኪያ በሦስት ከፍታ፣ በየከፍታው በሁለት አቅጣጫ ያስለኩት።

መስፋት ካለበት ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ። መጀመሪያ ይለካል፣ ቀጥሎ 0.50 ሚሊሜትር ይሁን ሌላ የትኛው ኦቨርሳይዝ (ከመደበኛው የሰፋ) ፒስቶን ገበያ ላይ እንዳለ ይጠየቃል፣ ፒስቶኑ ይገዛል፣ ሲሊንደሩ በፒስቶኑ ልክ ይሰፋል። አስቀድሞ አስፍቶ ፒስቶን ፍለጋ የሚንከራተት ሰው አለ። ብሮንዚንም እንደዚሁ ነው፤ ክራንኩ ሳይለካ አይገዛም። የተላገ ክራንክ ላይ ስታንዳርድ (ላልተላገ ክራንክ የሚሆን) ብሮንዚን ከታሰረ የዘይቱ ግፊት ይወርዳል፣ ማንኳኳት ይመጣል።

ቁጥብነቱ ይገባኛል። ነገር ግን ፋሻ ብቻ ተቀይሮ በወራት ውስጥ ዳግም የሚፈታ ሞተር ጓርኒሲዮን ሁለቴ፣ ዘይት ሁለቴ፣ የእጅ ዋጋ ሁለቴ ያስከፍላል፣ ሚኒባሱም ሁለቴ ይቆማል። ገንዘቡ ካልሞላ ለመስፋቱ የሚበቃ እስኪገኝ መኪናውን ማቆየት ይሻላል።

“በቤንዚን አጥቤዋለሁ”

ሲሊንደር ሲሰፋ ወይም በድንጋይ ሲሻር ደቃቅ የብረትና የድንጋይ ዱቄት ጭረቶቹ ውስጥ ይቀመጣል። ቤንዚንና ናፍጣ ዘይቱን ያነሳሉ፣ ዱቄቱን ግን አያወጡም። ዱቄቱ የሚወጣው በሙቅ ውኃ፣ በሳሙናና በብሩሽ ሲታሸት ነው። ከዚያ ዘይት የነካ ነጭ ጨርቅ አሹበት፤ ጨርቁ ግራጫ ከሆነ እንደገና እጠቡ። ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ያልጨረሰ ሰው ገና አልታጠበለትም። እንደጸዳ በአየር አድርቃችሁ ወዲያው ዘይት ቀቡት፤ እርጥብ ብረት ለመዛግ ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም።

የዘይት መንገዶቹን አትርሱ። ብሎኩ ላይ ያሉት ታፖች (የመንገዶቹ መድፈኛዎች) ወጥተው ረጅም ብሩሽ ከዳር እስከ ዳር ያልፋል። የተላገ ክራንክ ቀዳዳዎችም እንዲሁ፤ እዚያ የቀረ ዱቄት ሞተሩ ገና ሲነሳ ብሮንዚኑ ላይ ይደርሳል።

የአዳማን ነፋስ ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ከከተማው ዳር ተርባይን የተተከለው ለዚሁ ነፋስ ነው። በበጋ ከሰዓት በኋላ አቧራውን አንስቶ ሲነዳ በአጥር ግቢ ውስጥ የተከፈተ ብሎክ ላይ ምን እንደሚያርፍ አስቡት። ማጠቡን ውጭ ሥሩ፣ መግጠሙን ግን በር በሚዘጋ ክፍል፣ በማለዳ። ወደ ሌላ ሥራ ስትነሱ ብሎኩን በንጹሕ ፕላስቲክ ሸፍኑት።

ቤንዚን ከተነሳ አይቀር፦ ከሰል በተቀጣጠለበት፣ ቡና በሚፈላበት ግቢ ቤንዚን በሳፋ አይቀመጥም። ትነቱ አይታይም፣ መሬት ለመሬት ይሄዳል። ልጆችም አሉ። ለማጠቢያ ናፍጣ ይሻላል።

ሲሊኮን ማብዛት

ለማሸጊያ ሲሊኮን የተቀባ ዕቃ በቡሎን ሲጠብቅ ወደ ውጭ የወጣውን እናያለን፤ እኩሌታው ወደ ውስጥ መግባቱን እንረሳለን። በሚገባ የተሠራ፣ ሲሊንደሩ የሰፋ፣ ክራንኩ የተላገ ሞተር ፍራንኮ ሰፈር አካባቢ ካለ ግቢ መጥቶልኝ ብሮንዚኖቹ ተቃጥለው አገኘሁ። ኮፓውን (የታችኛውን የዘይት መያዣ) ስከፍት የዘይት ፖምፓው ወንፊት በሲሊኮን ቁርጥራጭ ተደፍኗል። ያን ሁሉ የሠራው ወጣት በጣም ጎበዝ ነው፤ ያጠፋው የመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ላይ ነው። ሲሊኮን በስሱ፣ ሳይቋረጥ፣ ከቡሎን ቀዳዳው ወደ ውስጥ በኩል ይቀባል፤ ውፍረቱ ከሦስት ሚሊሜትር አይበልጥም። ፋብሪካው ጓርኒሲዮን ያደረገበት ቦታ ላይ ደግሞ ሲሊኮን አይጨመርም።

ቴስታታ

ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ ቡሎን አትፍቱ። ሲፈታ ከዳር ወደ መሐል፣ ሲታሰር ከመሐል ወደ ዳር ነው፣ በየደረጃው። በቶርክ መፍቻ (የማሰሪያውን ኃይል በሚለካው) እሰሩ፤ መፍቻ ላይ ቧንቧ አስረዝሞ በስሜት ማሰር ቡሎን ይበጥሳል ወይም ቴስታታ ያጣምማል። የብሎኩ የቡሎን ጉድጓዶች ውስጥ ውኃ ወይም ዘይት ከቀረ ቡሎኑ ሲገባ ፈሳሹ መውጫ ስለሚያጣ ብሎክ ይሰነጥቃል፤ በአየር አውጡት።

ከመላጉ በፊት ስንጥቅ ይፈተሽ፣ በተለይ ናፍጣ ሞተር ላይ በቫልቮቹ መካከል። የተሰነጠቀ ቴስታታ አስልጎ ማሰር የላጊውን ገንዘብ መጣል ነው። እንደ ፋይቭ ኤል ያሉ ሞተሮች ጓርኒሲዮናቸው በተለያየ ውፍረት ይመጣል፤ የሚመረጠው ፒስቶኑ ከብሎኩ ፊት ምን ያህል እንደሚወጣ ተለክቶ ነው። “ለፋይቭ ኤል የሚሆን” ብሎ ብቻ መግዛት አይበቃም።

የሜንና የቢዬላ ካፖች

የሜን ካፕ ክራንኩን ከብሎኩ ጋር፣ የቢዬላ ካፕ ቢዬላውን ከክራንኩ ጋር የሚያስር ክዳን ነው። ቁጥራቸውንና አቅጣጫቸውን ሳይጽፉ አለመፍታት። የሜን ካፖች ከብሎኩ ጋር ታስረው ነው የተሰረሰሩት፣ አይለዋወጡም። በየካፑ ካሰራችሁ በኋላ ክራንኩን በእጅ አዙሩት፤ ከበደ ማለት ችግሩ አሁን ባሰራችሁት ካፕ ላይ ነው፣ እዚያው አቁማችሁ ፈልጉት።

ቺንጋ (ክራንኩን ከቫልቮቹ ዘንግ ጋር የሚያያይዘው ቀበቶ) ከገባ በኋላ ሞተሩ በመፍቻ በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር ሳይዞር ሞተሪኖ (የኤሌክትሪክ ማስነሻው) አይነካም።

ቴርሞስታት አውጥቶ መጣል

“አዳማ ሙቀት ነው፣ ቴርሞስታት አያስፈልግም” የሚለው ወሬ ስንት ሞተር በላ። ያለ ቴርሞስታት (ሞተሩ እስኪሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚሄደውን ውኃ የሚዘጋው በር) ሞተሩ የሚፈለገው ሙቀት ላይ ቶሎ አይደርስም፣ ነዳጁ በደንብ ሳይቃጠል ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል፣ አዲሱ ሲሊንደር ያልቃል። በብዙ ሞተሮች ደግሞ ቴርሞስታቱ ሲከፈት አጭሩን የውኃ መንገድ ይዘጋል፤ ከሌለ የሞቀው ውኃ ራዲያተሩን ሳያይ ተመልሶ ይዞራል፣ ሞተሩም ይባስ ይሞቃል። አዲስ ከማስገባታችሁ በፊት በድስት ውኃ ውስጥ አፍሉት፤ ሲከፈት ታዩታላችሁ።

የራዲያተሩ ክዳን ከዚህ ያልተናነሰ ነው። በእኛ ከፍታ ውኃ ክፍት ሆኖ ከ95 ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል። ጤነኛ ክዳን ግፊት ይዞ የመፍያውን ሙቀት በ20 ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርገዋል። ጎማው የተሰነጠቀ ክዳን ይቀየር፤ በባዶ ውኃ ፋንታም ኩላንት ይሞላ።

የመጀመሪያው ማስነሳት

ደረቅ ሞተር በግፊያ አታስነሱ። ቤንዚን ከሆነ ካንዴላዎቹን አውጡ፣ ነዳጁንና ብልጭታውን አቋርጡ፤ ናፍጣ ከሆነ የኢንጀክሽን ፖምፓውን የማጥፊያ ሽቦ ንቀሉ። ከዚያ በሞተሪኖ እያሳረፋችሁ አዙሩ፣ የዘይት መብራት እስኪጠፋ።

ከተነሳ በኋላ ቀኑን ሙሉ በሚኒሞ ማስቀመጥ ልማድ ሆኗል። ፋሻ ከሲሊንደር ጋር የሚግባባው ከኋላው ግፊት ሲያገኝ ነው፤ በሚኒሞ ግፊት የለም፣ ጭረቱ ሳይሠራበት ይለሰልሳል፣ ዘይት መብላቱም አብሮት ይኖራል። ፍሳሽ ከሌለና ሙቀቱ ከተስተካከለ ወደ ሞጆ መንገድ ይዛችሁት ውጡ። ያለ ጭነት፣ ፍጥነቱን ከፍ ዝቅ እያደረጋችሁ፣ መካከለኛ ነዳጅ እየሰጣችሁ ንዱ። ሙሉ ተሳፋሪ ጭኖ አሰላ ዳገት በመጀመሪያው ቀን አይሞከርም። ዘይቱና ፊልትሮው ከ500 እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ ይቀየራል።

ያን ቀን ከአየር ማጣሪያው እስከ ሞተሩ ያለውን የጎማ ቱቦ በእጃችሁ እያጠፋችሁ ፈትሹ። ስንጥቅ ካለው ወይም ማሰሪያው ከላላ አዳማ አጠገብ ያለው የቦኩ አቧራ ማጣሪያውን ዘሎ በቀጥታ ይገባል፣ አዲሱን ፋሻም በጥቂት ወራት ይጨርሰዋል። ቱቦው ከሞተሩ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ትንሽ ነው፤ የተሰነጠቀውን በፕላስተር አትጠቅልሉ፣ ቀይሩት።