መናኸሪያ ዳር የሚያድሩ ልጆችን መርዳት ለምትፈልጉ

ቃሊቲ፣ ላምበረት ወይም አየር ጤና አካባቢ ከሆናችሁ ልጆቹን ታውቋቸዋላችሁ። ቀን ሚኒባስ ያጥባሉ፣ ሻንጣ ይሸከማሉ፣ ሶፍት ያዞራሉ። ማታ ካርቶን አንጥፈው አጥር ሥር ያድራሉ።

ሳንቲም መስጠቱ ብዙም አይጠቅማቸውም። ማታ ትልልቆቹ ይቀሟቸዋል፣ ካልሆነም የሚሸተት ማስቲሽ ይገዛበታል። ይልቅ ሰፈር ውስጥ ካለች ምግብ ቤት ጋር ተነጋገሩና ሂሳቡን እናንተ ዝጉ። ልጁ ገብቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ወንበር ስቦ «ሽሮ» ብሎ ይዘዝ። ቡሌ (የምግብ ቤት ትራፊ) በፌስታል ይዞ ጥግ ላይ ከመብላት ይሄ በጣም ይለያል፤ ሲሰነብት አስተናጋጇም በስሙ ትጠራዋለች።

በመጀመሪያው ቀን «ለምን ከቤት ጠፋህ?» አትበሉት። ለሁሉም የሚነግራት የተዘጋጀች ታሪክ አለችው፣ እሷኑ ነው የምትሰሙት። ስሙን ጠይቁ፣ ስማችሁን ንገሩት፣ እመጣለሁ ባላችሁበት ሰዓት ተገኙ። ካልቻላችሁ ቀድሞውኑ ቀጠሮ አትስጡ።

አዲስ የመጣች ሴት ልጅ ካያችሁ ግን ጊዜ የለም፤ ሳይመሽ ደላላ ይቀድማችኋል። ሴት ሆና የምታናግራት ሰው ፈልጉ፣ ከዚያ አብራችሁ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ወይም ወደ ወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ሂዱ። ወንድም ሆነ ሴት፣ ለማንም ሳታሳውቁ ልጅ ቤታችሁ ይዛችሁ አትግቡ። ለእሱም ለእናንተም ጥሩ አይደለም።

መሳፈሪያ ከፍሎ አውቶቡስ ላይ መጫንም እርዳታ ይመስላል። የሚደበድብ እንጀራ አባት ቤት ከሆነ የተላከው፣ ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ እዚያው አጥር ሥር ታገኙታላችሁ። መጀመሪያ ለቤተሰቡ ደውሉ። እናት ካልሆነች አክስት ወይም አያት ትኖራለች፣ ልጁም ማን ጋር መሄድ እንደሚፈልግ ያውቃል።

ሥራ ልናስይዘው ካላችሁ፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። ከ15 እስከ 18 ያለው በቀን ከ7 ሰዓት በላይ መሥራት የለበትም፣ የሌሊት ሥራም አይፈቀድም። ጋራዥ ስታስገቡት «ሙያ ይማር» እየተባለ በነፃ እንዳይሠራ ደመወዙ ስንት እንደሆነ እናንተ ባላችሁበት አስወስኑ። ትንሹን ግን ትምህርት ቤት አስገቡት። የአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ደብተር፣ ዩኒፎርምና ምግብ ይሰጣሉ፤ የሚያስቸግረው እንደ አሳዳጊ ቀርቦ የሚፈርም ሰው ማግኘት ነው፣ ያንን ከወረዳው ጋር ጨርሱት።

ደግሞ ለክረምት ብርድ ልብስ ስትሰጡ አዲስ አትግዙ፣ በማግስቱ አይኖርም። ያገለገለ ይሻላል፣ ማንም አይመኘውም።