ፍላቮኖይድና ድባቴ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሽንኩርት፣ ፖም፣ ብርቱካን፣ ሻይና ኮኮዋ የሚጋሩት አንድ የውህዶች ቤተሰብ አለ፤ ፍላቮኖይድ ይባላል። ከውጥረት የሚመጣን ድባቴ ሊከላከል ይችላል የሚለው ተስፋ መሠረት የሌለው አይደለም። ይሁን እንጂ ከቤተ ሙከራ ወጥቶ እኛ ዘንድ እስኪደርስ ብዙ ይጣመማል።

የመጀመሪያው ስህተት በአይጥ የታየውን በሰው እንደታየ መቁጠር ነው። ተመራማሪዎች አይጦችን ለሳምንታት ያስጨንቃሉ፤ ጎጇቸውን ያዘነብላሉ፣ መኝታቸውን ያረጥባሉ፣ ብርሃንና ጨለማውን ያዛባሉ። አይጧ ትወደው የነበረውን የስኳር ውሃ ችላ ትላለች፤ ይህም እንደ ድባቴ ምልክት ይቆጠራል። እንደ ኩዌርሴቲን ያለ ፍላቮኖይድ ሲሰጣት ግን በብዙ ሙከራዎች ወደ ጣፋጩ ውሃ ተመልሳለች፤ በአንጎሏም የብግነት ምልክቶች ቀንሰዋል፣ የነርቭ ሴሎችን የሚንከባከበው ቢዲኤንኤፍ የተባለ ፕሮቲንም ጨምሯል። ግሩም ግኝት ነው! ነገር ግን ራሱን ሲወቅስ የሚያድር ሰው ሕመም በስኳር ውሃ አይለካም።

ሁለተኛው፣ አብሮ መታየትን እንደ መንስኤ መውሰድ ነው። በ2016 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ከ80,000 በላይ ሴቶችን ለ10 ዓመታት ተከታትሎ፣ ፍላቮኖይድ አብዝተው በሚመገቡት ላይ የድባቴ ዕድል ከ7 እስከ 10 በመቶ ዝቅ ብሎ አግኝቷል። ፍራፍሬ የሚያዘወትር ሰው ግን ብዙ ጊዜ እንቅስቃሴም ያዘወትራል። ድባቴ ራሱ የምግብ ፍላጎትን እንደሚዘጋም አንርሳ።

የፍላቮኖይድ እንክብል ከምግቡ ይበልጣል ብሎ ማሰብም ያሳስታል። ከዋጥነው ፍላቮኖይድ አብዛኛው ሳይመጠጥ ትልቁ አንጀት ይደርሳል፤ እዚያ ባክቴሪያዎች ይሰባብሩታል፤ የተመጠጠውንም ጉበት ይለውጠዋል። መጠኑን ማብዛት አንጎል የሚደርሰውን በዚያው ልክ አያበዛም። ፖሙን ከነልጣጩ መብላት ይሻላል፤ ኩዌርሴቲኑ በብዛት ያለው ልጣጩ ላይ ነው።

እኔን ከሁሉ የሚያስፈራኝ የድባቴ መድኃኒትን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ወይም ከዕፅዋት መድኃኒት ጋር መደባለቅ ነው። ሴንት ጆንስ ዎርት የተባለው ተክል ፍላቮኖይድ አለው፤ ለቀላል ድባቴም ይወሰዳል። ሆኖም ሴሮቶኒንን ከሚጨምሩ የድባቴ መድኃኒቶች ጋር ሲገናኝ ለሕይወት የሚያሰጋ የሴሮቶኒን መብዛት ሊያስከትል ይችላል፤ የወሊድ መከላከያ እንክብልንም ያዳክማል። ስለዚህ የሚወስዱትን ዕፅና ማሟያ ሁሉ ለሐኪምዎ ይንገሩ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ለቅርብ ሰው ነግሮ በዚያው ሰዓት ወደ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል።